ሱቅ፣ አፓርታማና ቢሮ አንድ ላይ ያለበት ሰፈር ውስጥ አዲስ ሆቴል ሲከፈት ሰርቼ ያየሁት

እዚህ ዲሲ አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነው በተባለ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ግማሹ ደዋይ "ስራ አለ አሉ፣ እባክሽ አስገቢኝ" ነው፣ ግማሹ ደግሞ "ሰርግ አለን፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፣ እዛ ብናሳርፋቸው ምን ይመስልሻል" ነው። ለእያንዳንዱ እየደወልኩ ማስረዳት ስላቃተኝ የማውቀውን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል፣ የማይመለከታችሁን እየዘለላችሁ አንብቡ።

እኔ ሆቴል ስራ የገባሁት በሀውስኪፒንግ ነው፣ አሁን ፍሮንት ዴስክ ነኝ። ያለሁበት ሆቴል ገና በሩ ሳይከፈት ነው የተቀጠርኩት፣ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ዓይነቱን ግን ልንገራችሁ፣ ለብቻው የቆመ ህንጻ አይደለም፣ ከታች ሱቅና ሬስቶራንት፣ ከጎን አፓርታማና ኮንዶ፣ ፊት ለፊት ቢሮ፣ ከመሬት ስር ደግሞ ሁሉም የሚጋራው ትልቅ ፓርኪንግ ያለበት ሰፈር ውስጥ ነው። ዲሲን የሚያውቅ ሰው ወንዙ ዳር ያለውን ዋርፍን ቢያስብ ወዲያው ይገባዋል። ዋርፍ በ2017 ኦክቶበር ላይ ነው የተከፈተው (ዓመቱንም ሰዓቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ የመጀመሪያው ዙር ሶስት ሆቴል ነበረው፣ ኢንተርኮንቲኔንታል፣ ካኖፒና ሀያት ሀውስ፣ ሁለተኛው ዙር በ2022 ሲያልቅ ደግሞ ፔንድሪ ተጨመረ። ሲቲ ሴንተርም ያው ነው፣ የድሮው ኮንቬንሽን ሴንተር ፈርሶ በቦታው አፓርታማ፣ ቢሮና ዋጋው የማይቀመስ ሱቅ ተሰራ፣ ከዛ በ2019 ኮንራድ ተከፈተ። አዲስ አበባም ለገሃር ላይ የኤምሬቶቹ ኢግል ሂልስ የያዘው ፕሮጀክት ሀሳቡ ይሄው ስለሆነ እዛ ላላችሁም ሳይጠቅም አይቀርም።

እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባችሁ በሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ሆቴል የግቢው ጌታ አለመሆኑን ነው። ፓርኪንጉ የሌላ ነው፣ ከፊት ያለው አደባባይ የሌላ ነው፣ ዕቃ የሚራገፍበት ዶክ የጋራ ነው፣ ሎቢው ውስጥ ያለው ቡና ቤት እንኳ ተከራይ ሊሆን ይችላል። ዋርፍን ብትወስዱት መሬቱ የከተማው ሆኖ አልሚዎቹ የያዙት በ99 ዓመት ሊዝ ነው። ሆቴሉም ራሱ ውስጡ ብዙ ጌታ አለው፣ ህንጻውን የገዛ ባለሀብት አለ፣ ስሙን የሰጠ ብራንድ አለ፣ በየቀኑ የሚያስተዳድር ማኔጅመንት ካምፓኒ አለ። አንዳንዴ ብራንዱ ራሱ ያስተዳድራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የሆነ ነገር ሲበላሽ፣ ሲጠፋ፣ ወይ ሂሳብ ሲበዛባችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ይሄ የማነው?" ብላችሁ ነው፣ አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ስትመላለሱ ትውላላችሁ።

ስራ ለምትፈልጉ ይሄ ነገር ከማመልከቻው ጀምሮ ይመለከታችኋል። ብዙ ሀበሻ ብራንዱ ዌብሳይት ላይ ገብቶ ይፈልግና "ምንም የለም" ብሎ ይተዋል። ቼኩን የሚጽፈው ማኔጅመንት ካምፓኒው ከሆነ ግን ስራው የሚለጠፈው እሱ ጋ ነው። ስሙን ለማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም፣ ሆቴሉ ሊከፈት ነው የሚለው ዜና ላይ "የሚያስተዳድረው እገሌ ነው" የሚል ነገር አይጠፋም፣ የሚያውቁት ሰው ካለም መጠየቅ ነው። ጀነራል ማናጀሩና የሽያጭ ሰዎች በጣም ቀድመው ይገባሉ፣ ከዛ የየክፍሉ ኃላፊዎች፣ እኛ ብዙሃኑ የምንቀጠረው መክፈቻው ሁለት ሶስት ወር ሲቀረው ነው። ጆብ ፌር ይጠራሉ፣ ህንጻው ገና ስላላለቀ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ አዳራሽ ተከራይተው ነው፣ እዛው ቆመው ኢንተርቪው ያደርጋሉ። ከሰዓት ከመሄድ ጠዋት መሄድ ይሻላል፣ ከሰዓት እነሱም ደክሟቸው ፈገግታቸው አልቋል።

ወረቀት ላይ ቆም ልበል፣ በተለይ በዲቪ አዲስ ለመጣችሁ። አይ ናይን የሚባል፣ እዚህ ሀገር ለመስራት ፈቃድ እንዳላችሁ የሚረጋገጥበት ፎርም አለ፣ የእናንተን ክፍል ስራ በጀመራችሁበት ቀን ትሞላላችሁ፣ ዶክመንት ለማሳየት ደግሞ ሶስት የስራ ቀን አላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው እሱ ብቻውን ይበቃዋል። የመንጃ ፈቃድና ምንም ገደብ ያልተጻፈበት ሶሻል ካርድ አንድ ላይም ይበቃል። ምርጫው የእናንተ ነው፣ ቀጣሪው "የግድ ግሪን ካርድ አምጪ" ማለት አይችልም። ግሪን ካርዱ በፖስታ ገና ያልደረሰው ሰው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ እንዳይቀመጥ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ ሲገባ ኤርፖርት ማህተም ከተደረገበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ማስረጃ ያገለግላል። ይሄን የማያውቅ የኤችአር ሰው አጋጥሞኛል፣ አንዲት ልጅ ልትመለስ ስትል አይ ናይን ፎርሙ ላይ ያለውን ዝርዝር ከፍተን አሳየነውና እዛው ተቀበላት፣ ስለዚህ ፎርሙን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።

ከዛ ቀኑ። የሆቴል መክፈቻ ቀን ይገፋል፣ ይሄን እንደ ጸሎት ያዙት። ከተማው መርምሮ ሰው ይግባበት የሚል ፈቃድ ካልሰጠ አንድ እንግዳ አይተኛም፣ እና እንደኛ ያለ ግቢ ውስጥ የአንዱ ህንጻ የእሳት ማስጠንቀቂያ ከሌላው ጋር የተያያዘ ይሆንና የአፓርታማው ስራ ካላለቀ የሆቴሉም ይቆማል። በቃል "በሚቀጥለው ወር ትጀምሪያለሽ" ስለተባላችሁ የያዛችሁትን ስራ እንዳትለቁ። ኦፈር ሌተር ላይ ቀኑ ተጽፎ እስኪመጣ ጠብቁ፣ ከመጣም በኋላ ቀኑ ከተገፋ ስልጠናው ይከፈላል ወይ ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ በስልክ አይደለም።

ስልጠናው ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። አዲስ ሆቴል ከፍቶ የማያውቅ ሰው አይገባውም። ከመከፈቱ በፊት የነበረው ሳምንት ሰራተኛው በሙሉ ክፍል ተሰጥቶት እንደ እንግዳ እንዲያድር ተደረገ፣ አልጋው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ያየኸውን ጉድለት ሁሉ ጻፍ ተብለን። እኔ የደረሰኝ ክፍል የአልጋው ራስጌ ማብሪያ ስጫነው የሽንት ቤቱ መብራት ይበራል። መጋረጃው መሃል ላይ አይገጥምም፣ አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት አለው፣ ከፊት ለፊቱ ቢሮ ያለው መብራት በዛ ገብቶ ልክ ዓይን ላይ ያርፋል። ጠዋት በተባለው ሰዓት ሁላችንም ሻወር አንድ ላይ ከፈትን፣ ሙቅ ውሃው ይችል እንደሆነ ሊያዩ ነው፣ ከላይ ፎቅ ያሉት ሲያወሩ ለእነሱ ለብ ያለ ነው የደረሳቸው። አብራኝ የምትሰራ እትዬ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች፣ ሳሙናው የተቀመጠበት ቦታ እጅ ላጠረ ሰው እንደማይደርስ ሁሉ ሳይቀር፣ ኢንጂነሩ ሰብስቦን ሲያነብ የእሷን ሁለቴ አነበበው። በኋላ ሳሙናው ዝቅ ተደርጎ ተሰቀለ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ከተከፈተ በኋላ አታገኙትም፣ አስተያየት የሚሰሙበት ጊዜ ያን ጊዜ ነውና ተናገሩ፣ ዝም አትበሉ።

አሁን ደግሞ የማያስደስተው። ሪቦን ተቆርጦ ፎቶ ተነስቶ ሁሉ ሰው ከሄደ በኋላ ሆቴሉ ባዶ ነው። አዲስ ሆቴል እንግዳ እስኪለምደው ወራት ይፈጃል፣ ከዛም በላይ ይሄዳል፣ እና ክፍል ካልተሸጠ መጀመሪያ የሚቀነሰው የእናንተ ሰዓት ነው። ፉል ታይም ተብሎ የገባ ሰው በሳምንት ሶስት ቀን ሲሰራ አይቻለሁ፣ በተለይ ጃንዋሪና ፌብሯሪ ዲሲ ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩም ስራውም። ኢንተርቪው ላይ "በትንሹ ስንት ሰዓት ታረጋግጡልኛላችሁ" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የጤና ኢንሹራንሱ የሚጀምርበትንም ጠይቁ፣ ህጉ ከ90 ቀን በላይ ማስጠበቅ አይፈቅድም፣ ከዛ በፊት የሚጀምሩ አሉ። ዩኒየን (የሰራተኛ ማህበር) አለው ወይ የሚለውም አለ። ዲሲ ብዙዎቹ ትልልቅ ሆቴሎች ሎካል 25 የሚባለው ዩኒየን ውስጥ ናቸው፣ አዲስ ሆቴል ግን ሲከፈት ላይኖረው ይችላል፣ በኋላም ሊመጣ ይችላል። የመክፈቻ ሰራተኛ መሆን ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፣ ዩኒየን ያለበት ቤት ሽፍትና ቫኬሽን የሚመረጠው በሲኒዮሪቲ ነውና ሃያ ዓመት የቆየች ሴትዮ ከፊታችሁ የለችም፣ ሁሉም ከዜሮ ነው የሚነሳው።

ትራንስፖርቱን አስቡት። እንደዚህ ያሉ ቦታዎች ፓርኪንጉ የሆቴሉ ስላልሆነ ለሰራተኛ ነጻ የሚባል ነገር የለም፣ ቅናሽ ካለም ትንሽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ዋርፍ ቢቀጠር ሬድ ላይን ይዞ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ግሪን ይቀይርና ዋተርፍሮንት ይወርዳል፣ ቀላል ነው፣ ችግሩ ማታ ነው። ከሰዓት የገባ ሽፍት 11 ሰዓት ማታ ያልቃል፣ ሜትሮ ከሰኞ እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል፣ ሂሳብ አስረክቦ ልብስ ቀይሮ በሰራተኛ በር ዞሮ እስኪወጣ ሩጫ ነው። 20 ወይ ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለው የዲሲ ቀጣሪ ደግሞ የትራንስፖርት ጥቅም የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ቢያንስ የሜትሮ ብራችሁ ታክስ ሳይነካው እንዲቆረጥ ማድረግ ይችላል፣ ካልነገሯችሁ እናንተ ጠይቁ።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር። ዋርፍ አካባቢ ያለው ሳውዝዌስት የሚባለው ሰፈር በ1950ዎቹ "ይታደሳል" ተብሎ ነው የፈረሰው፣ ወደ 23 ሺህ ሰው ተነስቷል፣ አብዛኛው ጥቁር ነበር፣ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1954 መንግስት ረታ። እዛ የሚሰራ ጓደኛዬ እንደነገረኝ አልፎ አልፎ ሽማግሌዎች ሎቢ ይገቡና ክፍል አይፈልጉም፣ ቤታቸው የት ጋ እንደነበረ በመስኮት እያዩ ይለካሉ። የአሳ ገበያው ከድሮ ከቀሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፣ ከ1805 ጀምሮ አለ። እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ሲመጡ ቡና አቅርቡላቸው፣ ማናጀር ከተቆጣችሁ እኔን ጥሩኝ።

እሺ አሁን ወደ እንግዶች።

ከዋጋው ልጀምር። ዲሲ የሆቴል ታክስ 15.95 ፐርሰንት ነው፣ 300 ዶላር ያያችሁት ክፍል በአንዴ ወደ 348 ይጠጋል። ከዛ ላይ "ደስቲኔሽን ፊ" የሚባል ጨዋታ አለ፣ ለዋይፋይ፣ ለጂም፣ ለብስክሌት ምናምን ብለው በየሌሊቱ የሚጨምሩት። ከ2025 ሜይ ጀምሮ የሚሰራ የፌደራል ደንብ ይሄን የግዴታ ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ ያስገድዳቸዋል፣ ታክሱ ግን አሁንም መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል። ከከፈላችሁት አይቀር ክፍያው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ውስጥ ለሬስቶራንት የሚሆን ክሬዲት አለበት፣ ሳይጠቀምበት የሚሄደው ሰው ብዛቱ!

ፓርኪንግ ላይ ብዙ ጸብ አይቻለሁ። ቫሌው (ሰራተኛ መኪናችሁን ተቀብሎ የሚያቆምላችሁ) በአንድ ሌሊት ከ60 ዶላር በላይ ማየት የተለመደ ነው፣ ከስር ያለው የጋራ ጋራዥ ግን ራሳችሁ ብታቆሙ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ከቤት በስልክ ቀድማችሁ ብትገዙ ደግሞ የበለጠ። ግን ጋራዡ የሆቴሉ ስላልሆነ ቲኬት ጠፋብኝ፣ ሁለቴ ቆረጠብኝ ብትሉኝ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ምንም የማየው ነገር የለም፣ ወደ ጋራዡ ቢሮ ነው የምልካችሁ። ሰዎች ያኔ የማልረዳቸው እየመሰላቸው ይቆጣሉ። ደረሰኙን አትጣሉ። መውጣትና መመለስ ይፈቀዳል ወይ ብላችሁም ጠይቁ፣ ሰርግ ላይ ቀን ሦስቴ የሚወጣ የሚገባ ሰው በየመውጫው ሊከፍል ይችላል።

ካርድ። ስትገቡ ለድንገተኛ ወጪ ብለን በየሌሊቱ የሆነ ብር እንይዛለን። ክሬዲት ካርድ ከሆነ ሊሚት ነው የሚነካው፣ ዴቢት ከሆነ ግን እውነተኛው ብር ነው አካውንት ውስጥ የሚታሰረው፣ ከወጣችሁም በኋላ ባንኩ እስኪለቀው ቀናት ይፈጃል፣ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከሀገር ቤት ለሚመጡ እናት አባት ክፍል የምትይዙ ልጆች ደግሞ ይሄን ስሙኝ፣ ኦንላይን ስለከፈላችሁ አለቀ አይደለም። እሳቸው ፓስፖርት ብቻ ይዘው ሲመጡ እኔ ካርድ መጠየቅ አለብኝ፣ እሳቸው ካርድ የላቸውም፣ እናንተ ስራ ላይ ናችሁ ስልክ አታነሱም። ቀድማችሁ ደውሉና "ሙሉ ወጪው በኔ ካርድ ይሁን" የሚለውን ፎርም አስልኩ፣ ሊንክ ይልኩላችኋል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ድምጽ ደግሞ አለ። እንደዚህ ያለ ሰፈር የሚሸጠው "ከክፍልህ ወርደህ ሁሉን ታገኛለህ" ተብሎ ነው፣ ሁሉን ስታገኝ ድምጹንም ታገኛለህ። ዋርፍ ላይ ያለው "ዘ አንተም" (The Anthem) የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ እስከ 6,000 ሰው ይይዛል፣ ሲለቀቅ ያ ሁሉ ሰው አንድ መንገድ ላይ ነው የሚፈሰው። እኛም ሰፈር የሙዚቃ ቦታ አለ። አንድ ቀን ወደ እኩለ ሌሊት ግድም አንዲት ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ነጠላቸውን ደርበው በነጠላ ጫማ ሎቢ ወረዱ። አማርኛ ስናገር ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"ልጄ፣ ከስር የደገሰው ማነው?"

"እማማ ድግስ አይደለም፣ ኮንሰርት ነው፣ አሁን ያልቃል።"

"አልጋው እየዘለለ ነው እኮ፣ እኔም አብሬ ልዘል ነው?"

ልጃቸው ውሃ የሚያይ ክፍል ብሎ ተጨማሪ ከፍሎ ነበር የያዘላቸው፣ ሙዚቃው ደግሞ በውሃው በኩል ነው። ወደ ጀርባ ልቀይርዎት፣ ግን ውሃ አያይም ስላቸው "ውሃውን ማን አየው፣ መጋረጃ ዘግቼ አይደል የተኛሁት" አሉኝ። ቀየርኳቸው፣ ጠዋት ሲወጡ ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። እና ትልልቅ ሰዎችን ስታሳርፉ ወይ ህጻን ካላችሁ ከፍ ያለ ፎቅ፣ ከመዝናኛው በተቃራኒ በኩል፣ ከሊፍቱ ራቅ ያለ ብላችሁ ስትይዙ አስጽፉ። ዕይታ የምትፈልጉት እኮ ብዙውን ጊዜ ለፎቶ ነው፣ ለፎቶ ደግሞ ከታች ያለው መራመጃ ይበልጣል፣ በነጻ ነው።

አዲስ ግቢ ከሆነ ኮንስትራክሽኑም አላለቀም ማለት ነው። በዙር ነው የሚሰሩት፣ ዋርፍ በአንደኛውና በሁለተኛው ዙር መሃል አምስት ዓመት ነበረው። ዲሲ ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 7 ነው መስራት የሚችሉት፣ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የሰርጉ ቀን በ7 ሰዓት ብረት ሲመታ ብትሰሙ ህጋዊ ነው፣ እኛ ማስቆም አንችልም። ጎናችሁ ክሬን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ወይ በቅርብ የተነሳ ፎቶ ማየት በቂ ነው።

ሰርግ ላይ ክፍል በብዛት የምትይዙ ሁለት ዓይነት ስምምነት አለ። አንዱ ነጻ ነው፣ ክፍሎቹን እስከ ተወሰነ ቀን ያስቀምጡላችኋል፣ ካልሞሉ ይመልሷቸዋል፣ አትጠየቁም። ሌላው ፊርማ አለው፣ የተወሰነውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ 80 ፐርሰንት፣ ካልሞላችሁ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ። የኛ ሰው ደግሞ "እመጣለሁ" ይልና መጨረሻ ላይ አጎቱ ቤት ያድራል። የሚፈረመውን ዓይነት ለሀበሻ ሰርግ አልመክርም፣ አዲስ ሆቴል ደግሞ ክፍሉን መሙላት ስለሚፈልግ ነጻውን ብትጠይቁ እምቢ የሚላችሁ አይመስለኝም፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ቁርስም ጨምሩልን በሉ፣ ይጨምራሉ።

ለሾፌር አድራሻ ስትሰጡ የሆቴሉን ስም ብቻ አትላኩ። ካርታው ብዙ ጊዜ ወደ ጋራዡ በር ወይ ዕቃ ወደሚራገፍበት ጀርባ ይወስዳል፣ ኡበር የሚነዱ ወንድሞቻችን ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ሆቴሉ ደውላችሁ መኪና የሚያወርድበትን ትክክለኛ አድራሻ ተቀበሉና ለእንግዶቹ በቴክስት ላኩላቸው። ዋርፍ ለምታሳርፉ ደግሞ ሲሞቅ ወደ አሌክሳንድሪያና ጆርጅታውን የሚሄድ የውሃ ታክሲ አለ፣ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ካላቸው እንግዶቹን በእሱ ላኳቸው፣ ከአይ-395 ትራፊክ ይሻላል። በክረምት ስለሚቀንስ ግን መስመሩ እየሰራ መሆኑን ከቤት ሳትወጡ እዩ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ጃኬት ይያዙ፣ ወንዙ ላይ በሜይም ይበርዳል።